የሃሴት ዋስ

«እትዬ ባየሽ፣ የመንግሥትን ብድር ‹ማሩኝ› ያለች ልጅ፣ የእኛን ዕቁብ ወስዳ ነገ ‹ማሩኝ› እንደማትል በምን አውቃለሁ?»

ይህን የጠየቀኝ ዕቁብተኛችን መሳፍንት ነው። ዕጣው ለልጄ ለሃሴት መውጣቱ ነበር። የዕቁባችን ዳኛ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ብጣሿን ወረቀት ከፍተው ስሟን ሲያነቡ እልል ያልኩበት ጉሮሮዬ ገና አልደረቀም። በእኛ ዕቁብ ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም ከሌላ ቤት መሆን አለበት። ሊፈርምላት ቃል የገባው መሳፍንት ነበር።

የተሰበሰብነው እዚህ በስደት አገር፣ ቢከን ሂል በሚባለው ሰፈር፣ በዕቁብተኛዋ በናፊሳ ቤት ሳሎን ነው። ሃሴት ምንጣፉን ታያለች።

ነገሩን ሁሉም ያውቃል። ጥርስ ሐኪም ቤት ረዳት ሆነሽ ትሠሪያለሽ ብሎ ያስመዘገባት ትምህርት ቤት መንግሥት ለትምህርቷ ያበደራትን ገንዘብ ተቀብሎ፣ ኮርሱ ሳያልቅ አንድ ሰኞ በሩን ቆልፎ ጠፋ። ዲፕሎማ የለ፣ ሥራ የለ፤ ዕዳው ግን ወለድ እየጨመረ በስሟ አለ። እንዲሰረዝላት አመልክታለች። የዕቁቡ ገንዘብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት ከአዲስ እንድትጀምርበት ነው።

«እኔ የተማርኩበትን ብድር ሰባት ዓመት ታክሲ ነድቼ ከፍያለሁ» አለ መሳፍንት። «ልጆቼን ተኝተው ብቻ ነበር የማያቸው። ማንም አልማረኝም። ሶ፣ እኔ ሞኝ ነኝ?»

«ሞኝስ አይደለህም» አለች ናፊሳ ከኩሽና። «ግን በየእሑዱ ታስታውሰናለህ።»

አንዳንዱ ሳቀ። የመሳፍንት የሥራ መጥሪያ ቢፐር ጮኸ። ሳያየው አጠፋውና ወደ ሃሴት ዞረ፤ ድምፁን ለስለስ አደረገ።

«ስሚኝ የኔ እህት። ማመልከቻውን ተዪው። ‹እከፍላለሁ› በይ፤ ቀስ እያልሽ ትከፍያለሽ። ኦኬ? አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«ኦኬ» አለች ልጄ፣ በማይሰማ ድምፅ።

እሱ ካልፈረመ ዕጣው ለሌላ ሰው ያልፋል፤ የመስከረሙ ምዝገባም ያመልጣታል። ከፈረመ ደግሞ ልጄ ያልተማረችበትን ስትከፍል ልታረጅ ነው። ተነሣሁ።

«አትተይውም!»

«ማሚ፣ ፕሊዝ።»

«አትተይውም አልኩ! መሳፍንት፣ አንተ የከፈልከው የተማርክበትን ነው። ዲፕሎማህን ሳሎንህ ሰቅለኸዋል፤ አይቼዋለሁ፣ ያምራል። የእሷ የት አለ? ዕቃ ሳይሰጥህ ሱቁን ዘግቶ ለሄደ ነጋዴ ትከፍላለህ? እኔስ በዚህ ዕድሜዬ ላይብረሪ እየሄድኩ የእንግሊዝኛ ፊደል የምቆጥረው በማን ገንዘብ ነው? አንተ በከፈልከው ታክስ ነው። እግዜር ይስጥህ። እንግዲያው እኔንም ‹ክፈይ› በለኛ!»

«ወይዘሮ ባየሽ፣ ይቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ።

«አልቀመጥም ጋሼ። ልጄ ያልበላችውን በላሁ ብላ ዋስ አትለምንም። ዕጣውን ለሌላ ሰው ያውጡት።»

ይህን ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ ኮሌጁን ከእጇ የነጠቅኳት እኔ ነበርኩ። እሷ ግን ቀና ብላ አየችኝና፣ «ኖ» አለችው መሳፍንትን። «ማመልከቻውን አልተወውም።»

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ እጃቸውን ወደ ዕጣው ሳህን ሲሰዱ ናፊሳ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወጣች።

«ቆይ ጋሼ። እኔ እፈርማለሁ። የቱ ጋ ነው?»

«ብትክድሽስ?» አላት መሳፍንት።

«እኔ እከፍላለኋ! ዋስ ማለት ምን መሰለህ?»

ፈረመች። ስንበታተን ከዕቁብተኞቹ ሙላቱና ሚስቱ ሃሴትን አቅፈው ሳሟት፤ «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» አሏት። መሳፍንት ጃኬቱን አንሥቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

በሚቀጥለው እሑድ ሙላቱና ሚስቱ አልመጡም። እስከዚያ የጣሉትን ገንዘብ በስልክ አስጠይቀው ከዕቁቡ ወጡ። መሳፍንት የራሱን ዕጣ የወሰደው ባለፈው ክረምት ነው። እሱ አልወጣም። እስከ መጨረሻዋ እሑድ ድረስ እየመጣ፣ እኔን ሰላም ሳይል፣ ድርሻውን ጣለ።