ለሁለት ሰው የሚበቃ አየር

ከአቧራው ዘመን ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ መስኮት የሚከፍት የለም። የውጭው አየር ሳንባ ያቃጥላል፤ ሰው የሚተነፍሰው በየቤቱ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚበቅሉት የውሃ ተክሎች የሚሰጡትን አየር ነው። ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ መብራት ብቻ ስለሆነ ሁሉም ከገንዳው በላይ ይሰቅለዋል።

ትርንጎ የወለደቻት ሕፃን በሳምንቷ ገላዋም ዓይኗም ቢጫ ሆነ። አዋላጇ ትንፋሿን ይዛ ከጎረቤት ሮጣ መጥታ አየቻትና፣ “ብርሃን ካላገኘች አትተርፍም” ብላ ሄደች።

ትርንጎ መብራቱን አውርዳ ልጇ ላይ አበራችው። ባሏ አላምረው አልከለከላትም። በጨለማ እጁን ገንዳው ውስጥ እየከተተ የበሰበሰውን ቅጠል ሲለቅም፣ ውሃውን ሲቀይር ሰነበተ። ቢሆንም አብዛኛው ተክል ከነሥሩ ላሸቀ፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር።

የሕፃኗ መልክ በተመለሰ ዕለት አላምረው መብራቱን ገንዳው ላይ መልሶ ሰቀለና የሚስቱን ነጠላ አፉና አፍንጫው ላይ ጠመጠመ።

“ወዴት ነው?” አለችው ትርንጎ።

“የተረፈው ተክል ለሁለት ሰው ይበቃል።”

“አላምረው፣ በሞቴ አትሂድ!”

“አንቺማ አትሞቺም፤ ታሳድጊያታለሽ” አላት። ሕፃኗን በነጠላው ላይ ሳማት፤ ወጥቶም በሩን ከውጭ ዘጋው።