ሃያ አራተኛው ማንኪያ

«ሃያ ሦስት» ትላለች አለቃ ነርሷ፣ የመጨረሻውን ማንኪያ ትሪው ላይ እያስቀመጠች። ቀና ሳትል እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። አሁንም ሃያ ሦስት ነው። ለቁርስ የወጣው ሃያ አራት ነበር።

የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ማንኪያ ከጠፋ በር አይከፈትም። ይህን ሕግ በሠራሁባቸው ሰባት ሆስፒታሎች ሁሉ አይቼዋለሁ። ይሄ ስምንተኛዬ ነው፤ ዛሬ ደግሞ የመጀመሪያ ቀኔ። ቀጣሪዬ ድርጅት ነርስ ወዳጠረው ሆስፒታል ለሦስት ወር ይልከኛል፣ ሦስቱን ወር ስጨርስ ሻንጣዬን አንስቼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ እግርሽ መቼ ነው የሚረጋው?» ትለኛለች። እኔ ግን እወደዋለሁ። አዲስ ክፍል ስገባ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የትኛው በር ካልተገፋ እንደማይዘጋ ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ወሬኛ ነሽ ቢሉኝም አልክድም።

ስለዚህ ቆሜ አያለሁ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ያያል።

ጥጉ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። ባለፈው ወር ፍራሿ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ተገኝቷል፤ ጠዋት ርክክብ ላይ ነግረውኛል። ዛሬ፣ እዚህ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለሁለት ቀን ቤቷ ልትሄድ ነው። እናቷ ከመስታወቱ በር ወዲያ የልጇን ጃኬት ታቅፋ ቆማለች። ማንኪያው ልጅቷ ጋ ከተገኘ የመውጫ ፈቃዷ ይሰረዛል። ልጅቷም ታውቃለች፣ እናትየዋም ታውቃለች።

«መፈተሽ አለብን» ትላለች አለቃ ነርሷ። «ከአንቺ እንጀምር፣ የኔ እናት።»

«እኔ አልወሰድኩም።»

«አልወሰድሽ ይሆናል። ግን ሕግ ነው።»

«ለምን ከእሷ ይጀመራል?» ይላሉ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ። ድሮ አውቶቡስ ይነዱ ስለነበር ሁሉም ጋሽ ሾፌር ይሏቸዋል። «እኔን ፈትሹኝ። ከሚስቴ ወዲህ ኪሴን የነካው ሰው የለም።»

ሁለት ሦስት ሰው ይስቃል። ልጅቷ አትስቅም። ተነስታ ኪሷን ትገለብጣለች፤ መሀረብ፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ የፈረስ ፎቶ። ፈረሱን ለምን እንደያዘችው ልጠይቃት ያምረኛል፣ ግን ጊዜው አይደለም። ጫማዋን ታወልቃለች፣ ካልሲዋንም። በባዶ እግሯ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ምንም አልተገኘባትም።

«እሺ፣ ፍራሿን እንይ» ትላለች አለቃዋ። «የሦስት ወሯ፣ አንቺ መዝግቢ።» እዚህ እንደኔ ላለው ሁሉ ያወጡት ስም ይሄ ነው።

እስክሪብቶ ፍለጋ እጄን ኪሴ እከታለሁ። ጣቴ ብረት ይነካል።

ማንኪያው ነው። ቁርስ ላይ ጋሽ ሾፌርን ያበላኋቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ሆስፒታል ማንኪያ ሥራውን እንደጨረሰ የነርሷ ኪስ ይገባል፤ ኪስ የሚራገፈው ቢሮ በር ላይ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንዲያ ሳደርግ ከርሜ እጄ ለምዶታል። እዚህ ግን ማንኪያ የሚመለሰው እዚያው ትሪው ላይ ነው፤ ይህንንም ጠዋት ነግረውኛል። መንገደኛን «አመልህን በጉያ፣ ስንቅህን በአህያ» የሚሉት ወደው አይደለም።

አጠገቤ የቆሻሻ ቅርጫት አለ። ጎንበስ ብዬ እዚያ ጣል ላድርገውና አገኘሁት ልበል? ሁሉም ወደ ልጅቷ ነው የሚያየው፣ እኔን የሚያየኝ የለም። ማንኪያ ኪሷ ከትታ ሰው ያስፈተሸች ነርስ ለላካት ድርጅት ይጻፍባታል፤ እንዲህ የተጻፈባትን ደግሞ ማን ደፍሮ ወደ ሌላ ቦታ ይልካታል? ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ቅርጫት ውስጥ ቢገኝ ማን ጣለው ይባላል? መቼም የሦስት ወሯ አይባልም። ያቺው ልጅ ናት የምትባለው።

«እኔ ጋ ነው» እላለሁ፣ ማንኪያውን አውጥቼ። «ኪሴ ውስጥ ነበር። የድሮው ቦታ ልማድ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

አለቃ ነርሷ ማንኪያውን ተቀብላ ከሌሎቹ ጋር ታስቀምጠዋለች። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ታየኛለች።

«እግርሽ መጥቷል፣ እጅሽ ግን ገና እዚያ ነው» ትላለች። «ለላከሽ ድርጅት መጻፌ አይቀርም።»

«ይጻፍ።»

«ይጻፋል።» ቁልፏን ይዛ ወደ መስታወቱ በር ትሄዳለች።

ልጅቷ ግን አትከተላትም። ወደኔ ትመጣለች። ጠዋት ስተዋወቃት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም ነበር። አሁን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፣ እኔ አዲስ ክፍል ስገባ እንደማየው አድርጋ።

«ሌላስ ምን አለ ኪስሽ ውስጥ?»

«ተይ እንጂ» ትላለች አለቃዋ ከበሩ።

«ግድ የለም፣ ትየው» እላለሁ። ያለኝን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፋለሁ፤ እስክሪብቶ፣ የአውቶቡስ ትኬት፣ የከንፈር ቅባት፣ መመለስ የረሳሁት የድሮው ሆስፒታል ባጅ። አንድ በአንድ ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ ታስቀምጣለች። ባጁ ላይ ያለውን ፎቶዬን ከፊቴ ጋር ታስተያያለች። አትቸኩልም። በሩ ተከፍቷል፣ እናቷ ጃኬቱን እንደታቀፈች መግባት ፈርታ ደፉ ላይ ቆማለች።

«ጫማሽስ?»

ቀልድ ይሁን ቁጣ ከፊቷ አይለይም። ወንበር ስቤ እቀመጥና ማሰሪያዬን እፈታለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ካልሲዬንም፣ ተነስቼም ፊት ለፊቷ እቆማለሁ።

ለካ ወለሉ እንዲህ ይቀዘቅዛል።