የጎደሉት ክኒኖች

ዲየም ክኒኖቿን ስትቆጥር አምስት ጎደሏት። ደግማ ቆጠረች። አሁንም አምስት።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው።

እናቷ ሉዋን ከቬትናም በጀልባ ወጥታ ሜልቦርን ከገባች ወዲህ አርፋ የማታውቅ ሴት ናት። ሳሎን ባቆመችው የስፌት መኪና ለፋብሪካ ሸሚዝ እየሰፋች ልጇን ለዩኒቨርሲቲ አብቅታለች። አምና ዲየም ከአልጋ መነሳት አቅቷት ትምህርቷን ስታቋርጥ፣ ሐኪሙም "የድብርት ሕመም ነው" ብሎ ክኒን ሲያዝላት፣ ሉዋን ብልቃጡን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየችው።

"እኛ ስምንት ቀን ባሕር ላይ ሰው እየሞተብን መጥተናል። ማናችን ክኒን ዋጥን?" አለች። "ደግሞ ሰው ቢሰማ ማን ያገባሻል?"

ዲየም ግን ክኒኑን ዋጠች፤ ቀስ በቀስም ከአልጋዋ ተነሳች፤ ትምህርቷን ቀጠለች። ሐኪሙ አጥብቆ የነገራት አንድ ነገር ነበር፤ "እንዳታቋርጪ።"

"እማ፣ ክኒኔን ነክተሻል?"

ሉዋን ከምታጸዳው ዓሣ ላይ ቀና አላለችም። "እኔን የእብድ መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?"

ዲየም ብልቃጡን ካልሲዎቿ ሥር ደበቀችው። በሁለተኛው ቀን አንድ ጎደለ። ከመጻሕፍቷ ጀርባ አዛወረችው። እዚያም ጎደለ። ብልጥ ናት፣ አለች በልቧ። በአንዴ ብትደፋው እንደምነቃባት ታውቃለች።

ሌላም ነገር ነበር። ዕድሜ ልኩን እስኪነጋ ሲንኳኳ የኖረው የስፌት መኪና ከመሸ በኋላ ዝም ማለት አመጣ። ስልክ ሳወራ ለማዳመጥ ነው፣ አለች ዲየም። እናቷ ሩዝ ትደግም፣ ዕቃ ስታጥብም ታንጎራጉር ጀመር። ዲየም ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ልጇን እያሸነፈች ታንጎራጉራለች!

ክኒኑ ያለ ቀኑ ሲያልቅባት ፋርማሲ ሄደች።

"ከታዘዘልሽ በላይ እየዋጥሽ ነው እንዴ?" አለ ፋርማሲስቱ ትኩር ብሎ እያያት። "ቀኑ ሲደርስ ነይ።"

ቀኑ እስኪደርስ አንድ ሳምንት ቀረው። በአምስተኛው ቀን እንዳምናው ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። እናቷ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ገርጥቶ በሩ ላይ ቆመች። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች። ግን መልሳ ዘግታው ጣቶቿን እያፍተለተለች ሄደች።

"እናቴ ልትገድለኝ ነው" አለች ዲየም ለጓደኛዋ በስልክ። "አዲሱን ብልቃጥ ላምጣና እጅ ከፍንጅ እይዛታለሁ። ከዚያ አንቺ ዘንድ ነኝ፤ በዚህ ቤት አላድርም።"

"እናትሽ እኮ ናት..."

"ናት። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።"

እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ቀኑ ደርሶ እንደ ምንም ያመጣችውን አዲስ ብልቃጥ ትራሷ ሥር ትታ "ገበያ ደርሼ ልምጣ" አለች። በፊት ለፊቱ በር ወጣች፤ በጓሮ ዞራ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ተጠጋች።

ሉዋን ማጠቢያው አጠገብ ቆማለች። ብልቃጡ እጇ ላይ ነው። ቧንቧውን ከፈተች።

ዲየም ልትቀርጻት ስልኳን አነሳች።

ሉዋን በብርጭቆ ውሃ ቀዳች፤ ወደ በሩ ገልመጥ አለች፤ አንዲት ክኒን ምላሷ ላይ አድርጋ ዋጠች።