አርባው ሳይወጣ

ወይዘሮ ወለተሐና ፊደል ባይቆጥሩም ነውር ያውቃሉ፤ የልጃቸውን የሠናይትን ኮምፒውተር በክፉ ዓይን ያያሉ።

«እማዬ፣ ሊኑክሱ፣ ማለቴ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት፣ እዚህ ፋይል ላይ የጻፍኩትን ብቻ ነው የሚሆነው፤ ያልጻፍኩት የለም ማለት ነው። የቃለ አብን ስም ካጠፋሁ፣ በሁለታችን ቁልፍ ይከፈቱ የነበሩት የተቆለፉ ፋይሎች ከእንግዲህ በኔ ብቻ ይከፈታሉ።»

«አንቺ ልበ ድንጋይ! የወንድምሽ አርባው ሳይወጣ ስሙን ትፍቂያለሽ?»

«ማሽን እኮ ነው፣ እማዬ።» ስሙን ከፋይሉ አጥፍታ ማሽኑን እንዲፈጽም አዘዘችው።

ማሽኑ ጥቂት አጉረመረመና ዝም አለ። ሠናይት ፋይሉ ላይ አፈጠጠች።

«የሱን ትቶ… የኔን ስም ነው ያጠፋው» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

«እሰይ! ደግ አደረገ!» ብለው ወለተሐና ዞር ቢሉ የሠናይት ወንበር ባዶ ነው። በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው።

«እማዬ» አለ ቃለ አብ ከጀርባቸው፣ «በረደኝ፤ ጋቢ ደርቢልኝ።»