ፈጣኗ ነጥብ

ቅዳሜ ዕለት ራሕዋ ስልኳን ተቀማች።

የቀሟት አክስቷ ወይዘሮ ለተገብርኤል ናቸው። "ዐይንሽ ይረፍ" ብለው ከእጇ ወሰዱና መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት።

ራሕዋ ሃያ ዓመቷ ነው። ከወንድሟ ከሽሻይ ጋር፣ ከውጭ አገር ቴሌስኮፕ በኢንተርኔት የሚላኩ ፎቶዎችን እያስተያየች ከከዋክብት መሃል የምትንቀሳቀስ ነጥብ ትፈልጋለች። ነጥቧ የጠፈር ድንጋይ ናት። ለቀደሙት ሁለት ግኝቶቻቸው ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ሐሙስ ዕለት ያገኟት አዲሷ ነጥብ ግን ትፈጥናለች፤ ወደ ምድር የምትቀርብ ዓይነት ናት። ቶሎ ካልተመዘገበች መንገዷ ሳይለካ ትጠፋለች።

ግኝት የሚላክበት ገጽ የይለፍ ቃል ያለው ሽሻይ ዘንድ ነው። እሱ ለሥራ አዳማ ሄዷል። ሐሙስ ማታ "የማን ስም ይቅደም" ብለው በስልክ ተጣሉ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

"በራሱ ስም ልኳታል" አለች ራሕዋ። "በቃ፣ ሰርቆኛል።"

"ተይ ልጄ፣ እንዲህ አይባልም" አሉ አክስቷ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።

"እርስዎ ሁልጊዜ ለእሱ ያዳላሉ!"

መቀነታቸውን አጠበቁ።

ለፍለጋው አስተባባሪዎች ራሷ ልትጽፍ ላፕቶፑን ከፈተች። ዋይፋይ የለም። የሚጋሩት ከጎረቤታቸው ከአቶ ገለታ ነው። ሄዳ አንኳኳች።

"ተበላሽቷል" አሉ አቶ ገለታ፣ በሩን በገላቸው ከልለው። ከኋላቸው የዋይፋዩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል።

"እየሠራ እኮ ነው!"

"ነገ፣ ልጄ።"

"ድንጋይዋ እስከ ነገ አትጠብቀኝም! ሽሻይ ነው አይደል የደወለልዎት?"

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ማመናቸው መሰላት።

ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ለመሄድ ከግቢው ስትወጣ፣ ጎረቤቷ ጀሚላ ክንዷን ያዘቻት።

"የጠፈር ፖሊስ! ወዴት ነው?"

"ልቀቂኝ፣ ጀሚ።"

"መጀመሪያ ብዪ። ድንጋዩም ቢወድቅ ጠግበሽ ይውደቅብሽ።" ቀልዱን የጨረሰችው ሳትስቅ ነው። ክንዷንም አልለቀቀችም።

ጀሚላ ወደ ቤት መለሰቻት፤ ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው አበሏት። አክስቷ አጎረሷት፤ ደግመው አጎረሷት።

"ሲመጣ ዐይኑን አላየውም" አለች ራሕዋ እያኘከች።

የአክስቷ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽሻይ ይቅርታ ሊጠይቅ በሌሊት መኪና መጥቶ ነው ብላ ራሕዋ ከአልጋዋ ዘለለች።

"ገና አንድ ቀን ታለምነኛለህ!" አለች መቀርቀሪያውን እየሳበች።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል። አቶ ገለታ ከፊት ናቸው።

ከአባቷ ከግርማይ ልጆች የቀረችው ራሕዋ ብቻ ነበረች።