የእህቴ ሆድ ዋስ

ሆድ የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና ያለ ዋስ አይሠሩም። ታካሚው ከልኩ አልፎ ከበላ፣ የበላው እስኪፈጭ ድረስ የዋሱም ሆድ አብሮ ይዘጋል። ለታላቅ እህቴ ለወይንሸት የፈረምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ ምንም አላስቸገረችኝም፤ ከፋሲካ ወዲህ ግን ምሳዬን ጨርሼ አላውቅም። ባለቤቴ ምንትዋብ ሳህኔን ስታቀርብ የሚተርፈውን የምትከድንበትን ክዳንም አብራ ማምጣት ጀምራለች።

ዛሬም የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ዋስትናዬን አነሳለሁ ልላት ተነስቼ ቤቷ ሄድኩ። ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ከነድስቱ ትበላለች።

«እትዬ፣ በረሃብ ልትገድዪኝ ነው?»

ማንኪያውን አስቀመጠች። «ልብሴ ሁሉ እንደገና ጠበበኝ። አንዴ ካበላሸሁት ወዲያ ምን ዋጋ አለው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሐኪም ጋ አትሄጂም?»

«ምን ብዬ? አፈርኩ።»

ንዴቴ አልበረደም፤ አፌ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። «ነጠላሽን ልበሺ። ከዛሬ ጀምሮ እኛ ቤት፣ ዓይኔ ሥር ትበያለሽ። ነገ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን።»

እራት ላይ ምንትዋብ በስኒ ማስቀመጫ ትንሽ ሽሮ አቀረበችላት። እህቴ ቀስ እያለች አላመጠች። እኔ የራሴን ሳልነካ እጇን እጠብቃለሁ።

«አትየኝ እንጂ» አለች።

«ርቦኛል፣ እትዬ።»

ጥቂት ሲቀራት ማስቀመጫውን ገፋ አድርጋ ተነሳችና እጇን ታጠበች። እኔም ጎረስኩ፤ ወረደልኝ።

ምንትዋብ ክዳኑን ወደ ጓዳ መለሰችው።