የእትዬ የሺመቤት ድምፅ

እትዬ የሺመቤት ላም ስታልብ ታባብል ነበር። «ነይ እናት ዓለም፣ ነይ የኔ ሸጋ» ስትል እምቢተኛዋ ላም እንኳ ወተቷን ትለቅ ነበር። የወተት ማኅበሩ ያንን ድምፅ ቀድቶ በየበረቱ ማለቢያ መሣሪያ ላይ ከጫነው ወዲህ ግን የሰፈሩ ላም ሁሉ ለእሷ አንደበት አደረ። ግቢዋ ውስጥ ጮክ ብላ ከተናገረች ጎረቤት ያለችው ላም ያለ ሰዓቷ ወተቷን መሬት ላይ ታፈሰዋለች። ስለዚህ መናገር ተከለከለች። ዶሮ እንኳ የምታባርረው እያጨበጨበች ነው።

ባሏ ጋሽ ተድባበ የሞተ ዕለት ልትጮህ አፏን ስትከፍት የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ውብሸት አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ላሞቹ ገና አልታለቡም። እባክዎ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ያልቅሱ።»

«ባሌ እኮ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። የሰው ወተት እንዳይፈስ ብዬ ነው።»

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። አልቃሾቹ እሷን ተክተው ሙሾ አወረዱ፤ ጀግና ነበር፣ ለጋስ ነበር አሉ። ብርድ በሆነ ቁጥር እግሯን በጭኑ አቅፎ የሚያሞቅላት መሆኑን ግን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ ማንም ሳይናገርለት ቀረ።

አስከሬኑ ከደጅ ሲወጣ የማለቢያ ሰዓት ደረሰ። ከየበረቱ በአንድ ጊዜ የእሷው ድምፅ ተነሣ፤ ያኔ በደጉ ቀን እንደተቀዳ፣ በሳቅ ተሞልቶ።

«ነይ እናት ዓለም፣ ነይ የኔ ሸጋ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አፏን አየ።